የአያሌው ጉድጓድ ሲከፈት

ግንቦት 6፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30

ቢሮ ከመግባቴ በፊት ጋኑን በግራዋ ፈትጌ አጠብሁ፣ አተላውን ደፋሁ፣ የእጥበቱን ውሃ ለቀቅሁ። እጄ እስካሁን ግራዋ ግራዋ ይላል። ለቅዳሜ ሽያጭ የሚወጣው ጠላ ግሩም ነው፤ ራሴን ላመስግን፣ ሌላ የሚያመሰግነኝ የለም። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ አስራ አንድ ቀኑ።

ጀሪካን ይዤ እማሆይ አስካል ጋ። አጥራችን አንድ ነው፤ የእሳቸው የውሃ ጉድጓድ ከአጥሩ ወዲያ፣ የእኔ የጎመን መደብ ከአጥሩ ወዲህ። ደብተሬ፣ ያ ውሃ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰፈሩ በሙሉ ይቀዳዋል፣ በጋ ከክረምት አይነጥፍም፣ እማሆይ ደግሞ ምስጋና እንኳ አይቀበሉም። ባለቤቱ ሌላ ነው ይላሉ፣ ወደ ላይ እያዩ።

ዛሬ ባልዲው ወጣ። ሸተተ። እማሆይ ጎንበስ ብለው ሦስት ጊዜ አሸተቱት፣ መሬት ላይ ደፉት፣ ክዳኑን መልሰው ድንጋይ ጫኑበት።

«ውሃችን ታመመ፣ ልጄ» አሉኝ።

ረፈደብኝ።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡00

ገና ከማኅበር መመለሴ ነው፤ ነጠላዬን እንኳ አላወለቅሁም።

የሚካኤል ማኅበር ዘንድሮ መ/ር ጌታሁን ቤት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ቤታቸው ከእኔ ሁለተኛው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። አራተኛው ዋንጫ ላይ አወጡት፦ የእማሆይን ውሃ ያበላሸው የአያሌው ጉድጓድ ነው። ሲሚንቶ ሰስቶበት ተሰንጥቋል፣ ፍሳሹ በስንጥቁ ወደ ውሃው ይገባል።

አያሌው ባለቤቴ ነው። ካረፈ ሦስት ዓመቱ። ግንበኛ። ሴፕቲክ ታንክ የሚሉትን የቤታችንን የፍሳሽ ጉድጓድ በገዛ እጁ ቆፍሮ፣ በገዛ እጁ ገንብቶ፣ በገዛ እጁ ለስኖታል። የመ/ር ጌታሁንንም እሱ ነው የሠራው። በዚህ በቢቸና የስንቱን ቤት!

ሲሚንቶ ሰሳ? አያሌው? ለሳሎኑ ኮርኒስ ስለምነው ሲሚንቶውን በኩንታል እየተሸከመ ከመሬት በታች ሲቀብር የነበረው ሰውዬ? ማን ያየዋል፣ እንግዳ እዚያ ልታስተናግድ ነው ወይ ብዬ ሳምንት አኩርፌዋለሁ። እሱ ልስኑን ያለሰልሳል።

ሙት ወቃሾች። ጸበል ጻዲቁን ሳልቀምስ ተነስቼ ወጣሁ። የሚከተለኝ፣ ተይ ስንዱ የሚለኝ ጠበቅሁ። ማንም አልተነሳም። ያስፈራኝ እሱ ነው። እሳቸው ጠጥተው ተናገሩት እንጂ ሁሉም የሚያስበው ያንኑ ነው።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ፣ ቀን 6፡30

የጤና ባለሙያዋ መጣች። ከእማሆይ ውሃ በጠርሙስ ቀዳች፣ የእኔን ግቢ ዞረች። ፍሳሽ መግባቱንስ ገብቷል አለች፤ ከየት እንደሆነ ግን ሳይከፈት አልፈርድም አለች። ወደድኋት። ይሁን እንጂ ታንኩ ክረምቱ ሳይገባ ካልተመጠጠ ዝናቡ ያለውን ሁሉ አጥቦ ውሃው ውስጥ ይከተዋል፤ ያን ጊዜ የእማሆይ ጉድጓድ በድንጋይ ይደፈናል እንጂ አይጸዳም።

ዝናቡ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ትናንት በደብረ ወርቅ በኩል ጠቁሮ ነበር።

ጎመኔን አይታ አማረ አለችኝ። እውነት ነው፣ ዘንድሮ ጉድ ሆኗል፤ ቅጠሉ ትሪ ያህላል። ለእማሆይም ለመ/ር ጌታሁንም ቤት ልኬ በልተዋል።

መጣጭ መኪና ለጊዜው እዚህ የለም። ሞጣ አለ ተባልሁ።

ሰፈሩ ከታች ከምንጩ እየቀዳ ነው። አቀበቱን ቢጫ ጀሪካን በጀርባ አዝለው። በደጄ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፣ ግን አይቆሙም።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ እዚህ ይጻፍልኝ። ውሃው ይዳን። የአያሌው ስም ይጽዳ።

ግንቦት 17፣ ሰኞ፣ 5፡00፣ ሞጣ

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገባሁ። ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ጻፍሁ። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ የተበላሸ ማመልከቻ ባቀርብ ያሳፍራል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ግን ሳያነቡት ሂጂ ሹፌሩን አናግሪው አሉኝ።

ሹፌሩ ደምሴ ይባላል፤ ሃምሳ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ዝግተኛ። ባሕር ዛፍ ጥላ ስር መኪናዋን እያጠበ አገኘሁት። ደብተሬ፣ እኔ የጠበቅሁት ዝንብ የወረራት ቆሻሻ ነበር። ከእኔ ምጣድ ትጸዳለች! ጎኗን በጨርቅ ሲወለውላት ፈረስ የሚያጥብ ነው የሚመስለው። ስንቱ ሰው የሚሸሸውን ይዛ የምትሄድ ናት፣ እሷ ራሷ ንጹሕ መሆን አለባት አለ።

ብዙ ጠየቀኝ። ስንት ክፍል ነው? ሦስት። ውስጡ የተለሰነ ነው? አዎ። ተመጦ ያውቃል? ከተሠራ ሰባት ዓመቱ፣ አያውቅም። ጨርቁን ጨመቀ። ከላይ ይፈሳል ወይስ ውስጡ ይጎድላል? እንጃ። በዚህ ራሱን ነቀነቀ። ሰው የሳሎኑን መጋረጃ ቀለም ያውቃል፣ ይሄን የሚያውቅ ግን አላጋጠመኝም አለ።

እውነቱን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በላዩ ተመላልሻለሁ።

ሐሙስ ይመጣል፣ መንገዱ ካልተዘጋ።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ፣ ማምሻ 12፡00

መ/ር ጌታሁን የራሳቸውን ሊያፈርሱ ነው። አያሌው የሠራላቸውን። ሠራተኛ ተነጋግረዋል፣ ለቅዳሜ ጠዋት።

ቤታቸው ሄድሁ። ብቅል የለም ዛሬ፣ አንገታቸውን ደፍተው አናገሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የልጅ ልጆቻቸው በዚያ ግቢ ነው የሚጫወቱት፣ ፈርተዋል። ለራሱ የሠራው ካንጠባጠበ ለእኔ የሠራው ምን ይሆናል አሉኝ። የእኔ እስኪከፈት ይታገሡ አልኋቸው። ሠራተኛ የሚገኘው ቅዳሜ ብቻ ነው አሉ።

የአያሌውን ሥራ በመዶሻ። እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ፊት አላፈስሰውም ብዬ ቶሎ ወጣሁ።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

መጣ! ከሞጣ በጠዋት ተነስቶ። መኪናዋ በመንገዳችን ስትገባ አጥር ልትወስድ ትንሽ ቀራት። ጎረቤት ሁሉ በየደጁ አፍንጫውን በነጠላ ይዞ ቆሞ ነበር፤ አሁን ገቡ።

ደምሴ ቦቲውንና ጓንቱን አጠለቀ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ አማተበ። ለዚህም ይማተባል ወይ ብዬ ልስቅ ነበር። ይሄ ሥራ ሰው ይገድላል አለኝ ቀስ ብሎ፤ ክዳኑ ሲነሳ አንገቱን አስግጎ የሚያይ ሰው በሚወጣው መርዘኛ አየር ብቻ ወድቆ ይቀራል። ሳቄ ጠፋ። ሦስቱንም ክዳን በዲጅኖ ፈንቅሎ አነሳ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ እኔንም አራቀኝ፣ ነፋሱ እስኪወስደው ቆምን። ረጅም ጊዜ። እማሆይ በአጥሩ ወዲያ ዳዊታቸውን ያነበንባሉ።

ከዚያ ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ አመጣ፤ ነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎበታል። በመጀመሪያው ክፍል ቀስ አድርጎ አወረደው፣ መሬት ሲነካ ያዝ አደረገው፣ ቆየ፣ አወጣው። ጨርቁ ላይ ሦስት ቀለም። ከላይ ቡኒ፣ ወፍራም፣ እንደ ቂጣ የጋገረ። ከመሐል ቀጭን ግራጫ። ከስር ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ደምሴ እያንዳንዱን በስንዝር ለካ። እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። ሰባት ዓመት የበላነው፣ የጠጣነው፣ ልብስ ያጠብንበት፣ የአያሌው የሕመሙ ወራት ጭምር፣ ማንም ሳያዘው በየወገኑ ተለይቶ ተቀምጧል።

አሁን ሦስተኛውን ክፍል እይ አለኝ፣ ከሩቅ፣ ጎንበስ ሳትይ። አየሁ። ውሃ ነው። ጥርት ያለ ውሃ። ሰማዩ ይታይበታል። ሽታው የረጠበ አፈር ሽታ ነው።

ከዚያ ጥቁር ይሄ ውሃ? ሞተር የለም፣ መብራት የለም፣ ሠራተኛ የለም። ከዓይን የሚያንሱ ፍጥረቶች ናቸው የሚሠሩት አለ ደምሴ፤ ቀንም ሌሊትም፣ ሰንበት የላቸውም። ጌታ ሆይ፣ በጓሮዬ ይህን ያህል ሥራ እየተሠራ እኔ ጨው አለቀ እያልሁ አማርራለሁ።

የመምጠጫውን ጎማ ሊዘረጋ ነው። መጣሁ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 9፡30

ሄደ። ደብተሬ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው። በተራ ልጻፈው።

ሞተሩ ሲነሳ ጎማው እንደ ሰው ተነፈሰ፤ አጠገቡ የተኛች ድመቴ ጣራ ላይ ወጣች። የላይኛውን ቂጣ በዘንጉ ሰባበረ፣ ከመኪናዋ ውሃ ረጨበት፣ ቀጠነ፣ ተሳበ። ቁልቁል ሲሄድ ግድግዳው መታየት ጀመረ። የአያሌው ግድግዳ። ደምሴ ባትሪውን አበራ፣ ጥጋጥጉን ዞረበት። ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ተደርጎ ተለስኗል፣ ቆሻሻ እንዳይዝ። አንዲት ስንጥቅ የለችም። በሳሎናችን ግድግዳ ላይ እንኳ ስንጥቅ አለ! ለእንግዳ የሚታየውን እንደነገሩ አድርጎ፣ ማንም የማያየውን እንደ መቅደስ ለሰነው። ስንት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ኖሬ አላወቅሁትም። ተንበርክኬ አለቀስሁ። ደምሴ ሞተሩን አጥፍቶ ጀርባውን ሰጠኝ።

ከግድግዳው ወገብ ከፍ ብሎ በምስማር የተጫረ መስመር አለ። ከላዩ በአያሌው ጠማማ ፊደል፦ «ዝቃጩ እዚህ ሲደርስ ይመጠጥ»። እርጥብ ልስን ላይ የጻፈው። ይነግረኝ ነበር፣ በየሦስት ዓመቱ ይላል፤ ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ ማን ያስታውሳል። ዝቃጩ መስመሩን ካለፈ ቆይቷል።

ደምሴ ጥቂት ስንዝር ጥቁር ትቶ አቆመ። ጨርሰው እንጂ አልሁት። እርሾ ይቀራል አለኝ። ሁሉ ከተጠረገ አዲሱን የሚያብላላው ይጠፋል። እርሾ! ለሊጥ የማስቀረውን እርሾ አሰብሁና ደነገጥሁ። ለካ ሕጉ አንድ ነው።

ታዲያ የእማሆይን ውሃ ምን አበላሸው አልሁት። ያንጠባጥባል ወይ?

ከንፈሩን መጠጠ። የሚያንጠባጥብ ጉድጓድ ይጎድላል እንጂ እስከ አፉ አይሞላም አለ። ያንቺ የመጀመሪያው ክፍል ክዳኑን ነክቶ ነበር፣ ሦስተኛው ግን ልኩ ላይ ነው። መሐል ላይ ተዘግቷል። ዘንጉን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው በሚያሳልፈው ጠማማ ቱቦ ከተተና ጎተተ። የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ነገር ዱብ አለ። በውሃ አጠበው።

ግራዋ። የተፈተገ ግራዋ፣ የጌሾ እንጨት፣ የጌሾ ቅጠል፣ ገብስ በገብስ የሆነ አተላ፣ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ።

«ጠላ ትጠምቂያለሽ፣ እህቴ?»

እጄን በነጠላዬ ሸሸግሁ። አያሌው ካረፈ በኋላ ላሚቱን ሸጥሁ፤ አተላውን የምትጠጣው እሷ ነበረች። መንገድ ላይ መድፋት ክልክል ነው። ስለዚህ ወደ ታንኩ በሚወርደው በጓሮ መታጠቢያው አፍ፣ በየሳምንቱ፣ ከነግራዋው፣ ከነእጥበቱ። እህል ነው፣ ከእህል የወጣ ምን ይጎዳል ብዬ። ሦስት ዓመት። ቱቦው ተዘጋ፣ ሞላ፣ በክዳኑ ስር ሾልኮ በጎመኔ መደብ ውስጥ ውስጡን ወደ እማሆይ ሄደ። ጎመኑ ያማረው ለዚህ ነው። ያን ጎመን ለሰው ልኬያለሁ።

ያየው ደምሴ ነው። ያየሁት እኔ ነኝ። ከዚህ ሌላ ማንም የለም። ጓዙን ሰብስቦ ሞጣ ሄደ። ሲወጣ ያለኝ አንድ ነገር፦ ብዙ ጉድጓድ ከፍቻለሁ፣ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም።

ግንቦት 21፣ ዓርብ፣ ማርያም፣ ቀን 7፡00

ከቤተ ክርስቲያን ተመለስሁ። ቅዳሴው አለፈኝ፤ ቆሜ ነበር፣ አልነበርሁም።

ሰፈሩ ታርቆኛል። ተመጠጠ፣ ተገላገልን ይላሉ። የጤና ባለሙያዋ እማሆይን ውሃው ተቀድቶ ይጣል፣ መድኃኒት ይጨመርበት፣ በጥቂት ሳምንት ይጠራል ብላቸዋለች። ደስ አለኝ፤ እውነት ደስ አለኝ። ውሃው ዳነ።

እማሆይ እጄን ያዙኝ። «አይዞሽ ልጄ። አያሌውም ነፍሱን ይማረው፣ የቻለውን ነው የሠራ። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለ» አሉኝ።

ደብተሬ፣ ያን ጊዜ ነበር መናገር። አፌን ከፈትሁ። አሜን አልሁ።

አሜን! ሙት ወቃሽ እያልሁ ስሳደብ የከረምሁ እኔ። እነሱ ሳያውቁ ነው የወቀሱት። እኔ እያወቅሁ ነው።

ራሴን ለማጽናናት ብዙ አወጣሁ አወረድሁ። ጠላዬን ማን ይጠጣል? እሱ ነው ደሞዜን የሚደጉመው። ጎመኑን የበሉ ምን ይሉኛል? ቱቦው ተዘግቶ ነው ብልስ፣ ማን እንደዘጋው ሳልናገር? ይህን ዓይነት ቃል አውቀዋለሁ። መዝገብ ቤት ስንት ዘመን ምስክርነት ሰድሬያለሁ፤ ውሸት የሌለበት ግን እውነቱ የተጎመደ ምስክርነት ከሩቅ ይለያል። ዳኛው ሁሉ ያውቀዋል።

በመ/ር ጌታሁን ደጅ አለፍሁ። ሁለት መዶሻና ዲጅኖ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በማርያም ቀን አይሠራም፣ ለነገ ነው።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ፣ ንጋት 12፡15

ዝናብ ጥሏል፣ ቀላል። ወጥቼ ክዳኑ ላይ ቆምሁ። ከስሬ ያ እርሾ ሥራውን ጀምሯል፤ ያ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የምፈራው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያን ጊዜ ታየኝ። አንድ ሰው ሞቶ እንኳ ሥራው አልዋሸም። እኔ በሕይወቴ ቆሜ ለዋንጫ ጠላ እዋሻለሁ?

መ/ር ጌታሁን ቤት እሄዳለሁ። ሠራተኞቹም እማሆይም ባሉበት። የተጋገረውን ግራዋ አልጣልሁትም፣ ላስቲክ ውስጥ ነው፣ ይዤው እሄዳለሁ። የእርስዎ ጉድጓድ አልተሰነጠቀም እላለሁ፤ ክዳኑን አንሱና ግድግዳውን እዩ፣ እንደኔው ነው የሚሆነው። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በአተላዬ። አያሌው አይደለም። ጎመኑንም እናገራለሁ፣ እሱ ነው የሚከብደኝ። ከዚያ የሚሉኝን ይበሉኝ።

ድምፅ መጣ። ብረት በብረት። የመ/ር ጌታሁን ሠራተኞች ዲጅኖውን እያነሱ ነው። ነጠላዬ የታለ